ሠራተኛን መስደብ የከለከለው አዋጅ ወደ ገበታችን ይግባ

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ ሥራ ነው። ስለ ሥራ መጥፋት ወይም ስለ ደመወዝ ማነስ አይደለም፤ እሱን ሌሎቹ የጋዜጣው ገጾች ይጽፉታል። የእኔ ጉዳይ እኛ ወላጆችና አያቶች ስለ ሥራ በልጆች ፊት የምንናገረው ነገር ነው። ምስክር አድርጌ የማቀርበውም ከመቶ ዓመት በፊት ስለ ሥራ፣ ስለ ጽናትና ስለ ሰው ክብር ግልጽ አቋም የነበራቸውን መሪ፣ አጼ ምኒልክን ነው።

«ካልተማርሽ እንደሷ ትሆኛለሽ»

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ጠዋት ጠዋት ወደ መስቀል አደባባይ እወጣለሁ። ለደም ግፊቴ ሐኪም ያዘዘልኝ የእግር ጉዞ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል የኖርኩበት የካዛንቺስ ሰፈር ለልማት ፈርሶ ጎረቤቶቼ በየአቅጣጫው ቢበተኑም፣ እኔ አሁን ከልጄ ጋር እዚያው ቂርቆስ ውስጥ ስለምኖር ከአደባባዩ አልራቅሁም።

በማለዳ ለሄደ ሰው መስቀል አደባባይ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ደረጃውን ከታች እስከ ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሮጡ ወጣቶች አሉ። ነገ ከእነሱ መካከል ማን ለአገር እንደሚሮጥ አይታወቅም። በእስጢፋኖስ በኩል ተሳልመው ወደ ሥራቸው የሚጣደፉ አሉ። የግንባታ ሠራተኞች ምሳቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ያልፋሉ። ሊስትሮዎች ሳጥናቸውን ይዘው ጥጋቸውን ይመርጣሉ። ከሁሉም ቀድመው የደረሱት ግን የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። እኛ ጫማ ሳናጠልቅ እነሱ ግማሹን መንገድ ጠርገው ጨርሰዋል።

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት እናት ስድስት ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅዋን በእጇ ይዛ ከፊቴ ትሄድ ነበር። ልጅቷ ትምህርት ቤት መሄድ አልፈለገችም መሰለኝ ታለቅሳለች። እናትየዋ ቆም አለችና አንዲት መጥረጊያ የያዘች ወጣት እያሳየቻት፣ «አየሻት? ካልተማርሽ እንደሷ ትሆኛለሽ» አለቻት። የጽዳት ሠራተኛዋ ሦስት እርምጃ ያህል ብትርቅ ነው። ሰምታለች። ቀና አላለችም፤ መጥረጊያዋን ብቻ ፈጠን አደረገችው።

እናትና ልጅ ካለፉ በኋላ ጠጋ ብዬ «እንዴት አደርሽ የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥሽ፤ መንገዱን አሳመርሽልን» አልኳት። «እግዚአብሔር ይመስገን እማማ» አለችኝና ፈገግ ብላ ጨመረች፤ «እሱን ተዪው፣ ለምደነዋል።»

ያቺ «ለምደነዋል» የምትለው ቃል ናት ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ። እናትየዋ ክፉ ሴት ናት ብዬ አልፈርድባትም። ልጅዋ ከእሷ የተሻለ ኑሮ እንድትኖር ነው የፈለገችው። ይህን አባባል በልጅነቱ ያልሰማ ሰውም በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ልጅቷ ከዚያ ንግግር የያዘችው የትምህርትን ጥቅም አይደለም፤ መንገድ የሚጠርግ ሰው የሚናቅ መሆኑን ነው። እኔ በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ካየሁት አንዱ ነገር ይህ ነው፦ የቀዶ ሕክምና ክፍል ወለል በደንብ ካልጸዳ የሐኪሙ ሙያ ብቻውን በሽተኛውን አያድንም። ቁስል እንዳያመረቅዝ ከሚከላከሉት መካከል ባልዲና ክሎሪን የያዘችው ሴት ትገኝበታለች። ስሟ ግን በበሽተኛው ካርድ ላይ አይጻፍም።

የ1900 ዓ.ም. አዋጅ

አሁን ወደ አጼ ምኒልክ ልመልሳችሁ። 1900 ዓ.ም. ለአገራችን ብዙ አዲስ ነገር የታየበት ዓመት ነበር። በጥቅምት ወር የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ተሾሙ። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል ለእኔ ትልቁ ግን አንድ አጭር አዋጅ ነው፤ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የከለከለው አዋጅ።

በዚያ ዘመን የእጅ ሙያ የተናቀ ነበር። ብረት የሚሠራው ጠይብ ተብሎ ይሰደባል። ሸማኔው ይነወራል። የሚጽፈው ጠንቋይ፣ ነጋዴው መጫኛ ነካሽ ይባላል። ቆዳ አልፍታ መጫኛና ጫማ የሚሠራው፣ ሸክላ የምትሠራዋ ሴት፣ ሁሉም የየራሱ የስድብ ስም ነበረው። አስቡት፤ ማረሻውን የሠራ፣ ጋቢውን የሸመነ፣ ድስቱን የጋገረች እጅ ነው የሚሰደበው። ተሳዳቢው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንዳች ሙያ የሌለው ሰው ነው።

የአዋጁ ሐሳብ በእኔ አነጋገር ሲቀርብ እንዲህ ነው። ሰው ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ ስለሆነ በትውልዱ የሚበልጥና የሚያንስ የለም። ሰነፉ ብልሁን እየሰደበ ከሥራው ካስተወው አራሹም፣ ሠሪውም ይጠፋና አገር ባዶ ትቀራለች። በአውሮፓ አዲስ ነገር የሚሠራ ሰው ይከበራል እንጂ አይሰደብም። ከእንግዲህ ወዲያ ሠራተኛን በሥራው ሲሰድብ የተገኘ አንድ ዓመት ይታሰራል።

አንድ ዓመት! ለስድብ! ቁም ነገሩን እዚህ ላይ ልብ እንበል። ንጉሠ ነገሥቱ ሕዝቡን «ጠንክራችሁ ሥሩ» ብለው ብቻ አላለፉም። እንዲህ ያለ ምክር ማንም ይናገረዋል። እሳቸው ያዩት ሌላ ነገር ነው። ሰው ሥራ የሚጠላው በስንፍና ብቻ እንዳልሆነ፣ ሲሠራ ስለሚዋረድም እንደሆነ ገባቸው። ስለዚህ ቅጣቱን በሰነፉ ላይ ሳይሆን በተሳዳቢው አፍ ላይ አደረጉት። ታታሪ ሰው የፈለገች አገር አስቀድማ ንቀትን ከመንገዱ ማንሣት አለባት ማለታቸው ነው።

እርግጥ ነው፣ ስለ አጼ ምኒልክ ዘመን በየቤቱ የሚነገረው ታሪክ አንድ ዓይነት አይደለም። በጦርነቱና በግዛት ማስፋፋቱ ቁስል የቀረባቸው ቤተሰቦች አሉ። ያንን መዳኘት የእኔ ሙያ አይደለም፤ ለታሪክ ሰዎች እተወዋለሁ። ዛሬ የማነሣው ስለ ሥራ የነበራቸውን አቋም ብቻ ነው። አዋጁም ቢሆን የቆየውን ልማድ በአንድ ጀንበር አላጠፋውም። ቢያጠፋው ኖሮ ያቺ የጽዳት ሠራተኛ «ለምደነዋል» ባላለችን ነበር።

ዶማ የያዙ ንጉሥ

የቃል ክብደት የሚታወቀው ተናጋሪው በሚሠራው ነው። ልጆች ደግሞ ይህን ከእኛ ይልቅ ፈጥነው ያውቃሉ። አጼ ምኒልክ ያወጁት ቀደም ብለው በእጃቸው ያሳዩትን ነገር ነበር።

አያቶቻችን «ክፉ ቀን» የሚሉት ዘመን ነው፤ ከ1880 እስከ 1885 ዓ.ም. ያለው ጊዜ። በምፅዋ በኩል በገቡ ከብቶች የመጣ የከብት በሽታ አገሩን አዳረሰው። አብዛኛው የቀንድ ከብት አለቀ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ረሀብ ገባ፤ ረሀቡን ኮሌራና ሌላ ወረርሽኝ ተከተለው። ከሕዝቡ ሲሶው አልቋል የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ።

ያኔ በሬ የሌለው ገበሬ መሬቱን በእጁ መቆፈር ነበረበት። ግን በዶማ መቆፈር ለጨዋ ልጅ እንደ ውርደት ይታይ ነበር። ምኒልክ ዶማ አንሥተው ራሳቸው መሬት ቆፈሩ፤ መኳንንቱም እንዲሁ እንዲያደርጉ አዘዙ። ንጉሡ ሲቆፍር ያየ ባላባት ከዚያ በኋላ «እኔ አልቆፍርም» ለማለት ምን አፍ ይኖረዋል? በዚያ መከራ መካከል አንዲት ዶማ ከብዙ ስብከት በላይ ሠርታለች።

እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ የማስበው ስለ ቤታችን ነው። ልጃችንን «ክፍልህን አጽዳ» እያልን እኛ ግን የቡና ሲኒያችንን እስክታነሣልን የቤት ሠራተኛችንን የምንጠራ ከሆነ፣ ልጁ የሚማረው ከእጃችን ነው። አባት አንድ ቀን ሳህን ሲያጥብ ያየ ወንድ ልጅ፣ ሳህን ማጠብ የሴት ብቻ ነው ብሎ አይከራከርም።

መጨረሻውን የማያዩትን መጀመር

ከመስቀል አደባባይ በስታዲየሙ አጠገብ ወደ ምዕራብ ብትሄዱ ብዙም ሳትደክሙ ለገሃር ትደርሳላችሁ። የድሮው ባቡር ጣቢያ ያለው እዚያ ነው። እኔ የልጅ ልጆቼን ስለ ጽናት ለማስተማር የምወስዳቸው ወደዚያ ነው።

የባቡሩ ነገር የተጀመረው በ1886 ዓ.ም. ነው። አጼ ምኒልክ ከጂቡቲ የሚመጣ የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጋ ለስዊሱ መሐንዲሳቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት በዚያ ዓመት ነበር። ሁለት ዓመት ሳይቆይ የዐድዋ ጦርነት መጣ። ከዚያም በኋላ ሥራው ቀላል አልሆነም። በረሃው፣ ገደሉ፣ የገንዘቡ ችግር፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ሽኩቻ፣ ሁሉም ተራ በተራ አስቆሙት። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አለቀበትና ሥራው ለዓመታት ቆመ። ሌላ ሰው ቢሆን «ድሬዳዋ ከደረሰ ይበቃል፣ ከዚያ ወዲህ በበቅሎ እንጓዛለን» ይል ነበር። ምኒልክ ግን በዚያው በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ሰጡ። ፈቃዱን የተቀበለው ደግሞ፣ ለእኛ ለጤና ሰዎች ደስ በሚያሰኝ አጋጣሚ፣ የግል ሐኪማቸው ዶክተር ቪታሊየን ነበር። ሥራው እንደገና ተጀመረ።

ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። አጼ ምኒልክ ያረፉት በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ነው። ሲጀምሩት የታሰበው ባቡር እዚህ ከተማ ሲደርስ ሃያ ሦስት ዓመት አልፏል፤ እሳቸውም በሕይወት አልነበሩም። ያስጀመሩት ባቡር ወደ ዋና ከተማቸው ሲገባ አላዩም።

የመጨረሻው የልጅ ልጄ ይህን ስነግረው «ታዲያ ምን ጠቀማቸው?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም «አንተን ምን እንደጠቀመህ ቁጠር» አልኩት። ድሬዳዋ የምትባለው ከተማ የተቆረቆረችው በባቡሩ ምክንያት ነው። አዳማም፣ ሞጆም፣ አዋሽም በባቡሩ አድገዋል። የናቱ ወገን አያት ድሬዳዋ ነው የተወለዱት። ባቡሩ ባይመጣ እሱም ላይኖር ይችል ነበር ማለት ነው። ዝም አለና «እንግዲያው ለእኔ ነው የሠሩት» አለ። ልክ ነው። የአያት ሥራ እንዲህ ነው፤ ዛፍ ተክሎ ጥላው ሥር የሚቀመጠውን ልጅ ማሰብ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ስንናገር፣ አንዳንዱ እንቁላል በእግሩ ሲሄድ የማናይ መሆናችንንም ለልጆች መንገር ይገባናል።

ንቀት ሰው ሲገድል

«ይህ ሁሉ የክብር ጉዳይ ነው፤ ከጤና ጋር ምን አገናኘው?» የሚለኝ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ልንገራችሁ።

በወጣትነቴ በጎጃም ገጠር በአንድ ጤና ጣቢያ ተመድቤ ሠርቻለሁ። በአካባቢው ሸክላ የሚሠሩ ጥቂት ቤተሰቦች ከሌላው ገበሬ ተለይተው ከመንደሩ ዳር ይኖሩ ነበር። ቡዳ ናቸው ይባላል። ልጅ በታመመ ቁጥር ሰው ዓይኑን የሚጥለው በእነሱ ላይ ነው።

አንድ ቀን ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ይዘው መጡ። ተቅማጥ ከያዘው አራተኛ ቀኑ ነው። ዓይኖቹ ጎድጉደዋል፤ ሲያለቅስ እንባ የለውም፤ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቶሎ አይመለስም። ውሃ ከሰውነቱ አልቋል። «ለምን እስከ ዛሬ ቆያችሁ?» ስላቸው፣ «ሸክላ ሠሪዋ አይታው ነው» አሉኝ። ሦስቱን ቀን ጭስ ሲያጨሱለትና «ለቀቅ አድርጊው» ሲሉ ነበር የከረሙት። ልጁ የሚያስፈልገው ግን በንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ ኦ.አር.ኤስ. ነበር፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በማንኪያ በማንኪያ። ያ ልጅ በግሉኮስ ተረፈልን። ዘግይተው ከመጡት መካከል ያልተረፉም ነበሩ።

ሴትየዋን በኋላ አውቄአታለሁ። ወደ ጤና ጣቢያው የምትመጣው ሌላው ሕዝብ ከሄደ በኋላ፣ ሊመሽ ሲል ነበር። ልጆቿም ይታመማሉ፤ ነገር ግን ወረፋ ላይ አብራ ብትቀመጥ ሰው ይነሣባታል። በጣም የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ያ የታመመ ልጅ እናቱ ወጥ የምትሠራለት ድስት የዚያች ሴት እጅ ሥራ ነበር። ከእጇ በልተው እጇን ይፈሩታል። በዚያ መንደር የሁለት ቤት ልጆች ናቸው በአንድ ንቀት የተጎዱት፤ የሰዳቢውም፣ የተሰዳቢውም። የ1900 ዓ.ም. አዋጅ ለእኔ ደረቅ ታሪክ ሆኖ የማይታየኝ ለዚህ ነው።

የሥራ ልብስ የሚደበቅበት ቤት

ዛሬ ቡዳ የሚለው ቃል በከተማችን ብዙም አይሰማም። ንቀቱ ግን ልብስ ቀይሮ ከእኛ ጋር ይኖራል። የሚከተለውን የምጽፈው በባለቤቷ ፈቃድ ነው፤ ስሟን አልጠቅስም።

ካዛንቺስ ሳለን የጎረቤቶቼን የደም ግፊት እየለካሁ እውል ነበር። ጡረታ የወጣች ነርስ ያላት ሰፈር ክሊኒክ አያጣትም። አንዲት የዕድር ጓደኛዬ ግፊቷ አልወርድ አላት። መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች፤ ጨውም ቀንሳለች። «እንቅልፍስ?» ስላት አለቀሰች። ልጇ በአካውንቲንግ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ሲፈልግ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ሴራሚክ ማንጠፍ ተማረ። ጥሩ ገቢም ያገኛል። እሷ ግን ለዕድሩ ሰው ሁሉ «ባንክ ገብቷል» ብላ ነግራለች። «ሲስተር፣ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ አስተምሬው ጉልበቱን ጭቃ ነክቶት ሲመጣ ሰው ምን ይለኛል?» አለችኝ።

ልጁንም አነጋገርኩት። ጠዋት በንጹሕ ሸሚዝ ይወጣል። ሥራ ቦታ ሲደርስ ይቀይራል። ማታ ስታዲየም አካባቢ አንድ ካፌ ገብቶ ታጥቦ፣ ሸሚዙን መልሶ ለብሶ ወደ ሰፈር ይገባል። የሥራ ልብሱን በቦርሳ ደብቆ ይዞ ሌሊት ያጥበዋል፤ የሚያሰጣውም መኝታ ክፍሉ ውስጥ ነው። «ሥራው አይከብደኝም እማማ» አለኝ፤ «የሚከብደኝ ሸሚዙን መቀየሩ ነው።»

በሌላ ቀን ለእናቱ የአዋጁን ታሪክ አጫወትኳት። «በምኒልክ ጊዜ ብትሆኚ አንድ ዓመት ትታሰሪ ነበር» ስላት ሳቀች። ቀጥዬ ግን «የእኛ ቤት መታጠቢያ ወለሉ ሲፈነቀል ማን መጥቶ እንዳስተካከለልኝ ታውቂያለሽ? ያንቺ ልጅ ነው። ውሃ ልክ ይዞ እንደ ሐኪም ነው የሠራው» አልኳት። ይህን አታውቅም ነበር። ልጇ የሠራውን ሥራ አንድ ጊዜ እንኳ አይታ አታውቅም። እጄን ይዛ መጣችና ወለሉን በመዳፏ ደባበሰችው። «ቀጥ ያለ ነው» አለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ ወደ ግቢያቸው ስገባ የሥራ ሱሪውና ቱታው በግቢው ገመድ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት ተሰጥቷል። ማንም ምንም አላለም። ግፊቷ በዚያ ቀን ወረደ ብዬ አልዋሻችሁም፤ መድኃኒቷንም አላቋረጠችም። እንቅልፍ ግን አገኘች። ልጁም ካፌው ለመታጠቢያ የሚያወጣውን ጊዜ ለእራት ከእናቱ ጋር ያውለዋል።

ታታሪነት ያልሆነው ነገር

እንዳልተሳሳት ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ሥራን ማክበር ሕፃናትን ማሠራት ማለት አይደለም። አልጋ ማንጠፍ፣ ሰሃን ማቅረብ፣ አበባ ውሃ ማጠጣት ለልጅ ጥሩ ነው። የትምህርትና የጨዋታ ሰዓቱን፣ የእንቅልፉን ሰዓት የሚቀማ ሥራ ግን ጉዳት ነው። በተለይ ከገጠር ያመጣናትን ዘመድ ልጅ «ሥራ ትልመድ» እያልን የራሳችንን ልጅ ካስተኛን በኋላ እሷን የምናሠራት ከሆነ፣ ያ ታታሪነትን ማስተማር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ጽናት ማለት ሰውነትን አለማዳመጥ አይደለም። አጼ ምኒልክ ራሳቸው በመጨረሻ ዓመታቸው ስትሮክ ደጋግሞ መቷቸው አካላቸው ሽባ ሆኖ ነበር ያረፉት። ያኔ የደም ግፊትን የሚቆጣጠር መድኃኒት አልነበረም፤ ዛሬ ግን አለ። ራስ ምታት፣ የማየት ብዥታ፣ የእጅ ወይም የፊት አንድ ወገን መደንዘዝ ሲመጣ «ጠንካራ ነኝ» ብሎ ሥራ ላይ መቆየት ጀግንነት አይደለም። ከአርባ ዓመት በላይ የሆናችሁ ሁሉ ምንም ሳያማችሁ ተለኩ። ሥራው ነገም አለ፤ እናንተም ነገ መኖር አለባችሁ።

በቤታችን ምን እናድርግ?

አዋጅ ማውጣት የእኔና የእናንተ ሥልጣን አይደለም። ነገር ግን እያንዳንዳችን የአንዲት ትንሽ አገር መሪዎች ነን፤ የቤታችን። በዚያች አገር የሚከተሉትን ማወጅ እንችላለን።

«ካልተማርክ እንዲህ ትሆናለህ» ብለን በሰው ላይ ጣት መጠቆም እናቁም። ትምህርት ጥሩ መሆኑን ለመናገር የማንንም ስም ማንሣት አያስፈልግም። «ተማሪ፣ ዓለምን ታውቂበታለሽ» ማለት ይበቃል።

ልጆቻችን ሠራተኛን በስሙ እንዲጠሩ እናስተምር። ዘበኛውን፣ ቆሻሻ የሚወስደውን፣ ጫማ የሚጠርገውን «አንተ» ከማለት ይልቅ ስሙን ጠይቆ መጥራት፣ በዕድሜ ከፍ ካለ ደግሞ «እርስዎ»፣ «ጋሼ»፣ «እትዬ» ማለት። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

የቤት ሠራተኛችንን በልጆች ፊት አንስደብ። የመጀመሪያውን የሥራ ትምህርት ልጅ የሚማረው እኛ እሷን ከምናናግርበት ድምፅ ነው።

ልጃችን የሠራውን ሥራ ሄደን እንይ። የሚያነጥፈውን ወለል፣ የሚያስተካክለውን ሞተር፣ የምትሰፋውን ቀሚስ፣ የምትጋግረውን እንጀራ። ዲግሪውን በፍሬም ሰቅለን የእጁን ሥራ ግን ሳናይ የምንኖር ከሆነ፣ ግማሽ ልጃችንን ብቻ ነው የምናውቀው።

በመጨረሻም፣ አያቶች ሆይ፣ የጀመርነውንና ያልጨረስነውን ለልጆች እንንገራቸው። ስንት ጊዜ እንደወደቅን፣ ስንት ጊዜ እንደተነሣን፣ ማን እንዳገዘን። ልጆች የእኛን ድል ብቻ ሲሰሙ በመጀመሪያው መሰናክል ይሰበራሉ። ትግላችንን ሲሰሙ ግን መንገዱ ረጅም መሆኑን አውቀው ይጀምሩታል።

ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ይባላል። ልጆቻችን የሚሠሩበትን እጅ እሾህ ሳይሆን ክብር ያግኘው።